ዜና ዋልድማየር

ከ12ኛው መቶ ዓመት በፊት በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ፣ እርሱም በጥምቀት በተሰጠው ስም ነበር። በኋላ ግን ከተሞች እየበዙ፣ የገበያ ውልና የርስት መዝገብ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ በአንድ መንደር ብዙ ዮሐንስና ብዙ ሄንሪክ እየተገኘ ጸሐፊዎችን ስላስቸገረ፣ በራይን ወንዝ ዳርና በደቡብ ካሉት ከተሞች ጀምሮ በመጠሪያው ላይ ሌላ መለያ መጨመር ተለመደ። ቀድሞ ከሰውየው ጋር ይቀበር የነበረው ይህ መለያ ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ የሚወረስ ሆነ፤ የቤተሰብ ስም የሚባለውም ይኸው ነው። ምንጩ ወይ ሥራ፣ ወይ የመኖሪያ ስፍራ፣ ወይ መልክና ጠባይ፣ ወይም የአንድ አባት መጠሪያ ነበር። በጎንደር ዘመን ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ ግእዝና አማርኛ የተማረው የኤርፉርቱ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ሲሆን፣ በጥንቱ ቋንቋ ተኩላ የሚለውን ቃል የያዘ የጦረኛ መጠሪያ ነው። ዛሬ በጀርመንም በስዊስም ከሁሉ የሚበዛው ሙለር ባለወፍጮ ማለት ነው፤ በጀርመን ከእርሱ የሚከተለው ሽሚት ደግሞ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ይሸሽ በነበረበት በሐበሻ አገር ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ያለውን ስም ወዶ ለልጁ የሚያወርስ ሰው ባልተገኘ ነበር።

በዚሁ ሥርዓት ከተወለዱት ስሞች አንዱ ዋልድማየር ነው። ስሙ ከሁለት ቃል የተጋጠመ ሲሆን፣ «ዋልድ» ደን ማለት ነው፤ «ማየር» ግን የሚበልጥ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ማዮር» የወጣ ሆኖ፣ የገዳም ወይም የመኳንንት ርስት የሚያስተዳድረውን፣ ከገባሩ እህሉን የሚሰበስበውንና በርስቱ ላይ የሚነሣውን ክርክር የሚሰማውን ሹም ያመለክት ነበር፤ በሸዋ ሥርዓት ለመልከኛ ወይም ለጭቃ ሹም የሚቀርብ ሥራ ነው። ማየሮች በየአገሩ ስለ በዙ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሌላ ቃል ማስቀደም ግድ ሆነና፣ ከላይ ያለው ኦበርማየር፣ ከታች ያለው ኒደርማየር፣ በደን ዳር የተቀመጠው ወይም የደኑን ርስት የያዘው ዋልድማየር ተባለ። ብቻውን የቆመው ማየር በስዊስ ከሙለር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ሲይዝ፣ ዋልድማየር ግን የጥቂቶች ስም ሆኖ፣ በተለይ በሰሜን ስዊስ በአርጋው ክፍለ አገር፣ በራይን ዳር ባለው በፍሪክታል አውራጃ ጸንቶ ቀረ።

ይህ ስም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነው። በባዝል ከተማ አጠገብ፣ በቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ላይ የተመሠረተው የፕሮቴስታንት ማኅበር ወንጌል እየሰበኩ በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን የሚችሉ ወጣቶችን አሠልጥኖ ይልክ ነበርና፣ አስቀድሞ ፍላድን፣ ቤንደርን፣ ማየርንና ኪንትስሌንን፣ ቀጥሎም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን ላከ። የቤተሰብ ስማቸው ብቻውን የእጅ ሥራ መዝገብ ይመስል ነበር፤ ቤንደር ማለት የእንጨት በርሜል ሠሪ ነው፣ ዛልሙለርም ከባለወፍጮዎቹ ወገን ነው። በ1832 የተወለደው ዋልድማየር ግን አንድ ቀን እንኳ በደን ላይ አልተሾመም፤ ከአባቶቹ አንዱ በእውነት ሹም ከነበረም ያ የሆነው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው፤ በዚያ አገር ሹመት ሲሻር ስም አይሻርምና።

ንጉሠ ነገሥቱ እነዚህን ሰዎች ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሯቸው፤ ርስትና ቀለብ ሰጧቸው፤ ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር የእጅ ሥራ ያለውን ከመኳንንት ተራ አስቀመጡት። ስብከታቸውን ግን ብዙም አልፈለጉትም፤ የፈለጉት መንገድ እንዲጠርጉ፣ ጋሪ እንዲሠሩ፣ ጠመንጃ እንዲያድሱ፣ በመጨረሻም መድፍ እንዲያቀልጡ ነበር። ሠራተኞቹ ወንጌልና አናጢነት እንጂ መድፍ ማቅለጥ አልተማርንም ቢሉም ሰሚ አላገኙም፤ እምቢታ እንደ ክፋት ተቆጥሮባቸው ነበርና መሞከር ግድ ሆነባቸው። ሞሪትዝ ሆል የተባለው፣ ከፖላንድ የመጣ ብረት አቅላጭ ስለ ተጨመረላቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ ክሽፈቶች በኋላ ሥራው እየሰመረ ሄደ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ታላቅ መድፍ ተሠራ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ፣ ደብረ ታቦር በእሳት ከጋየ በኋላ፣ በጋሪ ላይ ተጭኖ ተነሣ፤ ሠራዊቱ ጠፍር ይዞ እየጎተተ፣ ገደሉን እየናደና መንገዱን እየቀደደ ወደ 6 ወር ያህል ከተጓዘ በኋላ መቅደላ ደረሰ። ምስሉ ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የስም ነገር በጋፋት እንዴት እንደ ነበረ ለማወቅ ከዋልድማየር አስቀድሞ የመጣውን እንግሊዛዊ ጆን ቤልን ማየት ይበቃል። ይህ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ አሽከር ሆኖ በ1853 ዓ.ም. መግቢያ በጦር ሜዳ እስኪሞት ድረስ አገልግሏል፤ ነገር ግን ቤል የሚለው የቤተሰብ ስሙ በአገሬው አፍ ከቶ አልገባም፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ብሎ ነው። ሊቀ መኳስ በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስት ባለሟል ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓት ሹመት ከስም ይቀድማል እንጂ ከስም በኋላ ተለጥፎ ለልጅ አይተላለፍም፤ የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ካልተባለ በቀር ደጃዝማች አይደለም። ስለዚህ የአንዱ አገር «የደን ሹም» በደም ሲወርድ፣ የሌላው አገር «ሊቀ መኳስ» ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ።

የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ልጅ ሱዛን ዋልድማየርን አገባች፤ እኅቷም ዛልሙለርን አገባች። በሐበሻ ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ በባልዋ አገር ግን የሴት ስም በጋብቻ ይለወጥ ነበርና፣ ከአገር ስትወጣ በመዝገብ የተጻፈችው ሱዛን ዋልድማየር ተብላ ነው። የሠዓሊው የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ወለተ ኢየሱስም እንዲሁ ሞሪትዝ ሆልን አግብታ ካታሪና ሆል ተባለች፤ በመቅደላ ጦርነት ዓመት የተወለደችው ልጇ ማግዳሌና ደግሞ በያፋ ከተማ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለውን ሩሲያዊ ባሮን አግብታ ስሟን ዳግመኛ ለወጠች። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህች ሴት የልጅ ልጅ ነው። በ3 ትውልድ ውስጥ ዛንደር ሆል ሆነ፣ ሆል ኡስቲኖቭ ሆነ፤ ደሙ ሲቀጥል ስሙ በሴቶቹ በኩል እየተፋቀ ሄደ። በስም ብቻ የትውልድ ቁጥር የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዘር ከመዝገባቸው ያጡታል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ የጋፋት ሰዎች ከነቤተሰባቸው መቅደላን ከወጋው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ዋልድማየርም ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ፤ ቀጥሎም በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ በ1915ም ዐረፈ። በኢትዮጵያ የኖረበትን 10 ዓመት የሚተርክ መጽሐፍ አስቀድሞ በባዝል፣ በኋላም በ1886 በለንደን ሙሉ የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል። በስዊስ የቀረው ስም ግን በሌላ ሰው ዳግም ታወቀ፤ በዙሪክ የሰማይ ምርምር ጣቢያን ለብዙ ዘመን የመራው ማክስ ዋልድማየር የፀሐይ ነጠብጣብ የሚበዛበት ዑደት ፈጥኖ ወደ ጫፉ እንደሚወጣ ስላሳየ፣ ይህ ሥርዓት በሳይንስ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። ከደን ተነሥቶ ፀሐይ ላይ የደረሰ ስም ብዙ አይገኝም።

ከጋፋት ሰዎች በፊትም ሆነ በኋላ ወደ ሸዋ የመጡት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠማቸውም። በ1839 አንኮበር የደረሰው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመቻ ተከትሎ ወደ ምዕራብ ካሉት የኦሮሞ አገሮች ደርሷል፤ ስሙ ግን በዚያ አልቀረም። በ1871 ዓ.ም. ከአፐንዜለርና ከዚመርማን ጋር የመጣው አልፍሬድ ኢልግ የምኒልክ አማካሪ ሆኖ ከእንጦጦ ሥር እስከ ቤተ መንግሥት የውኃ ቧንቧ ቢዘረጋና ለምድር ባቡሩ ቢደክምም፣ ከእርሱ የወረደ የቤተሰብ ስም በአገሩ አልቀረም፤ ሙሴ ኢልግ የተባለ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በእኛው ዘመን ተዋናይነቱን ትቶ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት በ1981 የመሠረተው ካርል ሃይንትስ ቦም እንኳ፣ የቤተሰቡ ስም «የቦሔሚያ ሰው» ማለት ሳለ፣ በኢትዮጵያ ካርል ተብሎ ቀረ፤ በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመው አደባባይም ካርል አደባባይ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ነገሩ ከዚህም በላይ በተቃራኒ መንገድ ሲሄድ ይታያል። ከሰበታ በስተ ሰሜን ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ የተዘረጋው የመናገሻ ሱባ ደን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት፣ ዐፄ ምኒልክም በዐዋጅ ያስጠበቁት፣ ጥድና ዝግባ ኮሶም የሞላበት ነው። ደን ካለ ጠባቂ፣ ጠባቂም ካለ ሹም መኖሩ አይቀርም፤ በፍሪክታል ቢሆን ከነዚያ ጠባቂዎች አንዱ የዋልድማየሮች አባት በሆነ ነበር። በወጨጫ ሥር ግን ሹመቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ፣ ልጅም በአባቱ መጠሪያ ተጠራ። በጀርመን አገር ስፍራው ለሰው ስም ሲሰጥ፣ በዚህ የቱለማ ኦሮሞ ምድር ጎሳው ለስፍራው ስም ሰጠ፤ ገላን፣ ጉለሌ፣ የካ እና ሜታ በመጀመሪያ የጎሳ፣ በኋላም የአገር ስም ሆነዋል። ጎሳን የሚያውቅ ሽማግሌ የአባቶቹን ስም እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጁን ግን በጎሳው ስም አይጠራውም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ በኋላም በመታወቂያው ወረቀት ላይ በኦሮምኛ የሚሞላው «መቃ»፣ «መቃ አባ»፣ «መቃ አካካዩ» ነው፤ ይህም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ማለት ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ የአባቱ አያት ስም ከወረቀቱ ይወጣና ሁሉም አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

ይህን ልማድ ለመለወጥ የሞከረ ሕግ ግን አልጠፋም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጎ፣ በመንግሥት ጽሕፈት ሁሉ የቤተሰቡ ስም እንዲቀድም አዘዘ። ድንጋጌው በመጽሐፉ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ግን እንደ ቀድሞው ኖረ። የቤተሰብ ስም ግድ በሆነበት አገር እንኳ መንገዱ ረጅም ነበርና በዚህ ሊደነቅ አይገባም፤ ዴንማርክ በ1828፣ ስዊድን በ1901፣ ኖርዌይም በ1923 ሕግ እስኪያወጡ ድረስ ከገበሬዎቻቸው ብዙዎቹ የሚጠሩት እንደ ሐበሻው በአባታቸው ስም ነበር።

ኢትዮጵያዊ ወደ ጀርመን ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ባዶ ሣጥን ስላለ፣ የአባቱ መጠሪያ በዚያ ይገባና ከዚያ ወዲያ አይወጣም። በፍራንክፈርት የሚኖረው ደራሲ አስፋ ወሰን አስራተ የልዑል ራስ አስራተ ካሣ ልጅ ሲሆን፣ የጀርመን አንባቢዎች ከመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ አስራተ የሚለውን የሚያነቡት እንደ ሉዶልፍ የዘር ስም አድርገው ነው፤ ራስ አስራተ ራሳቸው ግን የካሣ ልጅ ነበሩ። በሱሉልታ ሜዳ የሚሮጡት አትሌቶችም ከዚህ አይተርፉም። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ፣ ከዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ሲያሸንፍ፣ የጀርመን ጋዜጦች አሸናፊውን የጠሩት በቀለ ብለው ነው፤ በሱሉልታ ያሠራው የመሮጫ ሜዳ ግን የቀነኒሳ ይባላል።