የእጅ ሙያና የወረቀት በር፦ የፊዚዮቴራፒ ፈቃድ ከየት መጣ?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ የተመረቀ ባለሙያ አሜሪካ ገብቶ በሙያው ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትችላለህ?» ተብሎ አይደለም። ጥያቄው «ስንት ክሬዲት ወሰድክ? ሆስፒታል ውስጥ ስንት ሰዓት ተለማመድክ? ማስረጃውስ?» የሚል ነው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ንቀት ያየዋል። አንዳንዴም ንቀት አይጠፋበትም። ጥያቄው ግን መጀመሪያ ለስደተኛ ተብሎ የወጣ አይደለም። ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ለንደን መሄድ አለብን። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1894 ለንደን ውስጥ ማሳጅ ፋሽን ነበር። ችግሩ «ማሳጅ ቤት» የሚል ታፔላ ከሰቀሉት መካከል ሌላ ንግድ የሚሠራባቸው መኖራቸው ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ይሄንን ሲያወጣ፣ በሽተኛ እያሹ በሐቅ የሚተዳደሩ ሴቶች ስማቸው አብሮ ጎደፈ። በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ አራት ሴቶች ታዲያ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ፈተና አወጡ፤ ደንብም አወጡ። ሐኪም ያላዘዘውን በሽተኛ አትንኪ፣ ማስታወቂያ በየጋዜጣው አታውጪ፣ ሐኪም ለይቶ ካላዘዘ በቀር ወንድ አታሺ የሚሉ ነበሩበት። ማኅበሩ በ1920 የንጉሥ ቻርተር አገኘ፤ በ1944 ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን የፊዚዮቴራፒ ስም ያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወጌሻን እናስብ። አገር ቤት ወጌሻን የሚመሰክርለት ሰፈሩ ነው። «የእገሌን ልጅ ክንድ የመለሰው እሱ ነው» ከተባለ በቂ ነው። ካበላሸም ወሬው በማግስቱ መንደሩን ያዳርሳል። እንደ ለንደን ያለ፣ ሰው ጎረቤቱን የማያውቅበት ትልቅ ከተማ ውስጥ ግን የሚመሰክር ሰፈር የለም። የምስክር ወረቀት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ፈቃድ ማለት ለማያውቅህ ሰው የሚቀርብ ጎረቤት ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። ስደተኛው የሚከብደው እሱን ብቻ ሳይሆን ያስተማረውንም ትምህርት ቤት የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

በሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጠባብ አልነበረም። ሜሪ ማክሚላን በ1880 ማሳቹሴትስ ተወለደች፤ ያደገችውም ሙያውን የተማረችውም ግን እንግሊዝ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ ጦር የቆሰሉ ወታደሮችን መልሶ የሚያቋቁም ሰው ፈለገ። በ1918 በዋልተር ሪድ ሆስፒታል ሥራ ጀመረች፤ ቀጥላም ኦሪገን ውስጥ በሪድ ኮሌጅ ሌሎችን አሠለጠነች። በ1921 የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷ ሆነች። የአሜሪካን ፊዚዮቴራፒ ካቆሙት አንዷ፣ በዛሬ አነጋገር «የውጭ አገር ምሩቅ» ነበረች ማለት ነው። ክሬዲቷን ማንም አልቆጠረም፤ የሚወዳደርበት መለኪያ ገና አልነበረማ!

መለኪያው ከወጣ በኋላ የሆነውን ደግሞ በርታ ቦባት ታሳየናለች። በርሊን ውስጥ የጂምናስቲክ መምህርት ነበረች። የናዚዎችን አገዛዝ ሸሽታ በ1938 ለንደን ገባች። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘበትን ሠዓሊ ሳይመን ኤልውስን ስታክም፣ ጡንቻ የሚገታተርበትን ሁኔታ በአያያዝና በእንቅስቃሴ መቀየር እንደሚቻል አስተዋለች። ዛሬ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው የቦባት ዘዴ ከዚያ ነው የተነሣው። የእንግሊዝን የፊዚዮቴራፒ ብቃት ማረጋገጫ ያገኘችው ግን በ1950 ነው። በስሟ የሚጠራው ዘዴ ከማረጋገጫዋ ቀድሞ ተጀምሯል።

እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ወረቀት እጅን አይለካም። ወረቀት የሚለካው መንገዱን ነው፤ ምን ተማርክ፣ የት፣ ለስንት ሰዓት። መንገዱ ከእጁ ጋር የሚገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ወደ ዛሬዋ አሜሪካ እንምጣ። ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ትምህርቱ ከአሜሪካው ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ኮርስ በኮርስ ይመረመርለታል፤ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያ ብሔራዊውን የሙያ ፈተና ይፈተናል። ማለፊያው ከ800 ነጥብ 600 ነው። በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ በሙያው ሊሠራ የሚገባ የውጭ ባለሙያ ለቪዛው ለብቻው የምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

የሚገርመው የአገሪቱ የኢሚግሬሽን ደንብ ፊዚዮቴራፒስቶችን ከነርሶች ጋር «እጥረት አለባቸው» ብሎ ከያዛቸው ጥቂት ሙያዎች መመደቡ ነው። አንዱ ሕግ «ኑ» ሲል ሌላው «ቆይ፣ ወረቀትህን ላንብብ» ይላል። መለኪያውም ባለበት አይቆምም። ድሮ በባችለር፣ ቀጥሎ በማስተርስ ይገባበት የነበረው ሙያ፣ ከ2016 ጀምሮ እውቅና ያላቸው የአሜሪካ ፕሮግራሞች በሙሉ በዶክተርነት ደረጃ የሚያስመርቁበት ሆኗል። አንድ ሰው ሲመረቅ የነበረው ልክና ሲያመለክት የሚጠብቀው ልክ ሊለያዩ ይችላሉ።

ታዲያ ልኩ ይቅር ልንል ነው? አይደለም። የ1894ቱ ሴቶች የገጠማቸው ችግር ዛሬም አለ። አንገት የሚያዞር፣ ጀርባ የሚጫን፣ ስትሮክ ያጠቃውን ሰው የሚያስነሣ እጅ ሳይታወቅ ሊሠራ አይገባም፤ ሊጎዳም ይችላል። ሊታረም የሚገባው፣ መንገዱን ብቻ እየቆጠሩ እጁን ለማየት አለመፈለግ ነው። የጎደለውን ኮርስ የሚያሟሉበት አጭር ድልድይና በባለሙያ ክትትል እየሠሩ የሚመዘኑበት ጊዜ ለአመልካቹም ለበሽተኛውም ይበጃሉ።

በእኛ በኩልም የቤት ሥራ አለ። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው የዚያን ጊዜ ሲላበሱን ሲጠይቅ መዝገብ ቤት የሚያገኝለት ዩኒቨርሲቲ፣ የልምምድ ሰዓቱን በየክፍሉ ለይቶ የሚጽፍ ትምህርት ክፍል፣ ለተላከለት ቅጽ በጊዜው መልስ የሚሰጥ ሬጅስትራር ያስፈልጋል። ተማሪውም ገና ሳይመረቅ የኮርስ ዝርዝሩንና የልምምድ መዝገቡን አስፈርሞ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። ሰፈሩ በማያውቀው አገር የሚመሰክርለት ያ ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ጎዶሎ ከሆነ፣ በሽተኛ ማስነሣት የሚችል እጅ ዓመታት ሙሉ ሌላ ሥራ ላይ ይከርማል። ተራ የሚጠብቀው በሽተኛም እንዲሁ።