የኮሌጅ በርና የመንገድ ወጪ



የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ጥሪ በወጣ ቁጥር ከቁጠባችን የሚጠየቀው ብድር ይበዛል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ለልጄ መንገድ»። በመንግሥት ተቋም ለምትማር ልጅ ይህ ወጪ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የአካባቢያችንን የትምህርት ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ደቡብ ጎንደር የትምህርት አገር ነው። ዙር አምባና ቤተልሔም የታወቁ የዜማ ምስክር ቤቶች ናቸው። ወደዚያ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ማመልከቻም ክፍያም አልነበረበትም፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ መድረስ ይበቃው ነበር። የሚበላውን የሚሰጡት በየደጃፉ ያሉ እናቶች ናቸው። እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ግን እናቶቹ ተማሪ መገቡ እንጂ ራሳቸው አልተማሩም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲመጣ በሩ ሩቅ ነበር። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1947 በጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ በ1955 በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ከፋርታ፣ ከእስቴ ወይም ከጋይንት ገጠር የምትነሳ ልጅ ግን ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ወዳለበት ከተማ ሄዳ፣ ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ እያመላለሰች መማር ነበረባት። ብዙዎቹ ማትሪክ ሳይደርሱ የቀሩት በዚሁ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ መንገዱ ሰፋ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ተጀምሮ ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ መሄድ ጀመረ፤ የእኔም የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ በ10+3 የተገኘ ነው። ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ። በሩ ከደጃችን ደረሰ አልን። ይሁንና ምደባው በማዕከል የሚሠራ ስለሆነ የደብረ ታቦር ልጅ ጅማ ወይም ጅግጅጋ ልትደርሳት ትችላለች።

ሂሳቡን እንየው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪዋ የምግብና የመኝታዋን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ትጋራለች። የምትከፍለው ግን ተመርቃ ደመወዝ ስታገኝ ነው። ትልቁ ወጪ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ የማይሰጠው ትንሹ ነው፦ የአውቶቡስ ትኬት፣ በመንገድ ላይ ማደሪያ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሰነድ ኮፒ፣ የንጽሕና መጠበቂያ። ይህን ውል አስፈርሞ የሚያበድር የለም፤ ምዝገባው ደግሞ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ጥሪው በመስከረምና በጥቅምት ሲመጣ ገብሱና ስንዴው ገና አልታጨደም። ያኔ ወይ በግ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይኬዳል፣ ወይ ልጅቷ ትቀራለች።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ከበዱ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 4 አይሞሉም። ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የተመደቡትም ጥሪ ሲጠብቁ ወራት አለፉ። ይህን ሁሉ ያለፈች ልጅ በትኬት ምክንያት ስትቀር ኪሳራው የቤተሰቧ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመደበኛው ብድር የተለየ፣ የጥሪውን ማስታወቂያ ላቀረበች እናት በዚያው ሳምንት የሚሰጥ፣ እህል ከገባ በኋላ ያለ ወለድ የሚመለስ የምዝገባ መጠባበቂያ ይኑረን። ደጋፊዎቻችንም መነሻውን ቢያግዙን ገንዘቡ ተመላልሶ ለሌላዋ ይደርሳል። ገቢና ወጪው በየመንፈቁ በዚሁ መጽሔት ይውጣ።