የወንዝ ማቋረጫ ማማዎችና የጋሞ ወንዞች

የኤሌክትሪክ ኃይልን ከማመንጫው አንሥቶ ወደ ሩቅ ከተማ የማድረስ ሥራ በአገራችን የተስፋፋው ከ60 ዓመታት ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጨው የቆቃ ጣቢያ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የብረት ማማዎች ተራራውንና ሸለቆውን እየተሻገሩ፣ በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋን ዋና ከተማነት ከጨንቻ እስከተረከበችው እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ዘለቁ።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መስመር ሁሉ ከጋሞ ደጋ የሚፈልቁትን ወንዞች፣ ባሶንና ሐሬን የመሳሰሉትን፣ ማቋረጥ ግዴታው ነው። ማማዎቹ አርጅተው የሚተኩበት ጊዜ ሲደርስም አስቸጋሪው ክፍል ይኸው የወንዝ ማቋረጫው ይሆናል።

በዚህ ረገድ የጣሊያን አገር ታሪክ ለማነጻጸሪያ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1955 በመሲና የባሕር ወሽመጥ ግራና ቀኝ የቆሙት ማማዎች ቁመታቸው ከ200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በመካከላቸው የተዘረጋው ሽቦ 3,646 ሜትር ይሸፍን ነበር። በኋላ በባሕር ሥር ገመድ ስለተተኩ ሽቦው ወረደ፤ ማማዎቹ ግን ዛሬም እንደቆሙ ናቸው። ብረቱ ከአገልግሎቱ ዘመን በላይ ኖረ።

የጋሞ ወንዞች ነገር የተለየ ነው። ስፋታቸው ጥቂት ነው፤ ዳርቻቸው ግን አይረጋም። ከደጋው አፈርና ድንጋይ ተሸክመው በድንገት ከሜዳው ሲደርሱ ደለላቸውን ያራግፋሉ፤ መውረጃቸውንም ይለውጣሉ። ትናንት ከውኃው ርቆ የተተከለ ማማ ከዓመታት በኋላ አፋፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጎርፉ መሠረቱን ከሸረሸረው ዝገት ያልነካው ማማም ቢሆን ይዘማል።

ስለሆነም አዲሱን ማማ በአሮጌው ቦታ መትከል ስሕተትን መድገም ሊሆን ይችላል። ተተኪው ከአፋፉ ሸሽቶ፣ መሠረቱም ጎርፍ ከሚቦረቡረው ጥልቀት በታች ወርዶ፣ አሮጌው ኃይል እንደተሸከመ ሊቆም ይገባዋል። ስኒውና ሽቦው የሚዛወሩት በመጨረሻ ነው፤ ኃይል የሚቋረጥበት ሰዓት ባጠረ መጠን ሐኪም ቤቱም የውኃ ፓምፑም ይድናሉ።

ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብቻውን አይወጣውም። አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበራት፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ያገኘች ከተማ ናት። የወንዝን ጠባይ ያጠኑ ባለሙያዎችና ወንዙ ቀድሞ በየት ይወርድ እንደነበር የሚያስታውሱ የአካባቢው አረጋውያን የሚጠየቁት ማማው ከተተከለ በኋላ ሳይሆን፣ ችካሉ ከመመታቱ በፊት መሆን አለበት።