ሚሳኪ ማትሱቶሞ

ሚሳኪ ማትሱቶሞ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1992 የተወለደች ጃፓናዊት የባድሚንተን ተጫዋች ናት። ከአያካ ታካሃሺ ጋር ተጣምራ በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በሴቶች ጥንድ ያገኘችው ወርቅ፣ ጃፓን በባድሚንተን ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። በዚያው ዓመት የስፖርቱ አንጋፋ ውድድር የሆነውን የኦል ኢንግላንድ ዋንጫም አንስታለች። የተጫዋችነት ዘመኗ ለሁለት ይከፈላል፦ አንደኛው ከታካሃሺ ጋር የተጫወተችበት ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወንድ ተጫዋች ጋር በድብልቅ ጥንድ እንደገና የጀመረችበት ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት ቤት

የተወለደችው ሺኮኩ በተባለችው ደሴት፣ በቶኩሺማ አውራጃ፣ አይዙሚ በምትባል ከተማ ነው። ራኬት የጨበጠችው ገና በልጅነቷ ነበር። በኋላም ከቤቷ ርቃ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ወደምትገኘው ሰንዳይ ሄዳ፣ በባድሚንተን ስሙ በሚጠራው የቅድስት ኡርሱላ ትምህርት ቤት ተማረች። ከናራ አውራጃ የመጣችውን ታካሃሺን ያገኘችው እዚያ ነው። ታካሃሺ በትምህርት አንድ ዓመት ትቀድማታለች። በጃፓን ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ብልጫ ቀላል ነገር አይደለም፤ ታናሽ ታላቋን አክብራ ትጠራለች፣ ትታዘዛለችም። ሁለቱ ግን ሜዳ ላይ እኩል ሆነው መነጋገርን የተማሩት በዚያው ዕድሜ ነው።

ታካሃሺ ትምህርቷን ስትጨርስ በወቅቱ ኒሆን ዩኒሲስ ይባል በነበረው የኮምፒዩተር አገልግሎት ኩባንያ ቡድን ገባች። ማትሱቶሞም በ2010 ተከተለቻት። በጃፓን ታላላቅ ባድሚንተን ተጫዋቾች በአብዛኛው የኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸውም፣ ማሠልጠኛውን የሚያዘጋጅላቸውም ኩባንያው ነው። ጥንዶቹ ሳይለያዩ ከትምህርት ቤት ወደ ትልቁ መድረክ የተሻገሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

ሕዝቡ «ታካማትሱ» ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ የተገኘው ከሁለቱ የቤተሰብ ስሞች የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በማጋጠም ነው። የሁለቱ ፊደላት ድምር ደግሞ የማትሱቶሞ የትውልድ ደሴት በሆነችው በሺኮኩ የምትገኘው የታካማትሱ ከተማ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ጃፓናውያን ስሙን የወደዱት ያለምክንያት አይደለም።

ጥንዱና አጨዋወቱ

የማትሱቶሞን ችሎታ ለመረዳት የጥንድ ባድሚንተንን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዳው ርዝመቱ 13.40 ሜትር፣ ስፋቱ 6.10 ሜትር ነው። መረቡ መሐል ላይ ቁመቱ 1.524 ሜትር ነው። የሚመታው ኳስ («ላባው») 16 ላባ የተሰካበት ሲሆን ክብደቱ ከ5 ግራም ተኩል አይበልጥም። አንድ ጥንድ ሲከላከል ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሲያጠቃ ግን አንዷ ከኋላ፣ አንዷ ከፊት ይሆናሉ። የኋለኛዋ ከላይ ወደ ታች ስማሽ የሚባለውን ከባድ ምት ትመታለች፤ ያ ምት በደካማ ሁኔታ ሲመለስ የፊተኛዋ መረቡ ላይ ቆማ ትጨርሰዋለች።

ታካሃሺ የኋላውን ቦታ ያዘች፤ ማትሱቶሞ የፊቱን። ተመልካች ሁልጊዜ የሚያጨበጭበው ለኋለኛዋ ነው፤ ምቷ ይሰማል፣ ይታያልም። የፊተኛዋ ሥራ ጸጥ ያለ ነው። ራኬቷን ከደረቷ ፊት ከፍ አድርጋ ትቆማለች፤ ወደ ኋላ ዞራ ጓደኛዋን ማየት ደግሞ አያዋጣትም፤ ዞራ ስታይ ላባው ያልፋታል። ስለዚህ ከኋላዋ ምን ዓይነት ምት እንደተመታ የምታውቀው ከተጋጣሚዎቿ ነው፦ እግራቸው ወዴት እንደተሳበ፣ ትከሻቸው እንዴት እንደዞረ፣ ራኬታቸው ምን ያህል እንደዘቀዘቀ በማየት። ማትሱቶሞ በዚህ ንባብ ከዘመኗ ተጫዋቾች መካከል አቻ የላትም ማለት ይቻላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቷም ከሌሎቹ የሚበልጥ አይደለም። ላባው የሚመጣበት ቦታ ግን ቀድማ ትገኛለች። ስትመታ እጇ ብዙ አይወራጭም፤ አንጓዋን ትንሽ አዙራ ተጋጣሚ ወደሌለበት ትገፋዋለች። ፊቷም አይለዋወጥም፤ ነጥብ ስታገኝም ስትስትም ያው ነው።

በ2014 የጥንዱ ስም በዓለም ገነነ። በሜይ በኒው ዴልሂ በተደረገው የኡበር ካፕ የሴቶች ቡድን ውድድር ጃፓን ከ1981 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ስትደርስ የቡድኑ ዋና ጥንድ እነሱ ነበሩ፤ ዋንጫውን ቻይና ወሰደችው። በጁን ቶኪዮ ላይ የጃፓን ኦፕንን አሸነፉ። በኦክቶበር የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጡ፤ ዓመቱንም በዱባይ የዓመቱን ምርጦች በሚያገናኘው የማጠቃለያ ውድድር በድል ዘጉ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ከ2004 ጀምሮ የጃፓንን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጥን የነበረው ደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ ጁ-ቦንግ ነበረ። ፓርክ በ1992 በባርሴሎና በወንዶች ጥንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ የጥንድ ጨዋታን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ነው። የጃፓን ሴት ጥንዶች ትዕግሥት፣ ላባውን ደጋግሞ የመመለስና ክፍተት እስኪገኝ የመጠበቅ ልማድ በእሱ ዘመን የጎለበተ ነው።

ሪዮ 2016

በማርች 2016 በበርሚንግሃም የኦል ኢንግላንድ ፍጻሜ ቻይናውያኑን ታንግ ዩዋንቲንግንና ዩ ያንግን 21-10፣ 21-12 ረቱ። ጃፓን ይህን ዋንጫ በሴቶች ጥንድ ስታገኝ ከ1978 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በቀጣዩ ወር የእስያ ሻምፒዮን ሆኑ። ወደ ሪዮ የሄዱት የዓለም አንደኛ ተብለው ነው።

ባድሚንተን በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ማሸለም የጀመረው በባርሴሎና ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሪዮ ድረስ ወርቅ ያገኙት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፦ ቻይና፣ ኢንዶኔዥያ፣ ደቡብ ኮሪያና ዴንማርክ። የሴቶች ጥንድ ወርቅ ደግሞ ከ1996 እስከ 2012 አምስት ጊዜ በተከታታይ ወደ ቻይና ሄዷል። በ2012 በለንደን ሚዙኪ ፉጂና ሬይካ ካኪዋ ብር ሲያገኙ ለጃፓን የመጀመሪያው የባድሚንተን ሜዳሊያ ሆነ። ማትሱቶሞና ታካሃሺ በዚያ ኦሊምፒክ አልተሳተፉም።

በሪዮ ሩብ ፍጻሜ የማሌዥያን፣ ግማሽ ፍጻሜ የደቡብ ኮሪያን ጥንድ አልፈው ኦገስት 18 ቀን ከዴንማርኮቹ ካሚላ ሪተር ዩልና ክሪስቲና ፔደርሰን ጋር ተገናኙ። ዴንማርኮቹ በግማሽ ፍጻሜ ቻይናውያኑን አሰናብተው የመጡ፣ ረዘም ያሉና ልምድ የጠገቡ ናቸው። የመጀመሪያውን ጌም 21-18 ወሰዱ። ሁለተኛውን ጃፓናውያኑ 21-9 በሆነ ሰፊ ልዩነት መለሱ።

ሦስተኛው ጌም ዛሬም በጃፓን ይወራል። ዴንማርኮቹ 19-16 ይመሩ ነበር። ወርቁን ለመውሰድ የቀራቸው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ ያስቆጥራል፤ ስለዚህ ሁለት ስህተት ብቻ የአራት ዓመት ልፋት ይቀብራል። በዚህ ሰዓት ብዙ ጥንድ ይቸኩላል፣ ወይም በፍርሃት ላባውን ወደ ላይ እያነሳ ይከላከላል። እነሱ ሁለቱንም አላደረጉም። ታካሃሺ ከኋላ መምታቷን፣ ማትሱቶሞም ከፊት መጠበቋን ቀጠሉ። 17፣ 18፣ 19፣ 20፣ 21። አምስት ነጥብ በተከታታይ አግኝተው ጌሙን 21-19 ዘጉት። ለዓመታት አብረው የተጫወቱ ሰዎች መተማመን ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ እነዚህን አምስት ነጥቦች ይመልከት።

ከሪዮ በኋላ

በ2017 የእስያ ሻምፒዮንነታቸውን አስጠበቁ፤ በግላስጎው የዓለም ሻምፒዮናም ነሐስ አገኙ። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ግን አልቀናቸውም። በ2018 ጃፓን ከ37 ዓመት በኋላ ኡበር ካፕን ስትመልስ የቡድኑ አባላት ነበሩ። በዚያው ዓመት በጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች በጥንድ ብር አገኙ፤ በዲሴምበርም በጓንግዙ የዓመቱን ማጠቃለያ ውድድር አሸነፉ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከገዛ አገራቸው ነው። የእነሱ ወርቅ የከፈተውን በር ተከትለው ሁለት ጥንዶች ብቅ አሉ፦ ዩኪ ፉኩሺማና ሳያካ ሂሮታ፣ ማዩ ማትሱሞቶና ዋካና ናጋሃራ። በ2018ና በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የተጋጠሙት እነዚህ ሁለት የጃፓን ጥንዶች ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ እነ ማትሱሞቶ አሸነፉ። ለኦሊምፒክ አንድ አገር ማሰለፍ የምትችለው ቢበዛ ሁለት ጥንድ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ መቅረቱ ግድ ነበር። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ኦሊምፒኩ ወደ 2021 ሲዛወር ታካሃሺ በኦገስት 2020 መጫወት ማቆሟን አስታወቀች። ባለወርቆቹ በአገራቸው በተዘጋጀው ኦሊምፒክ ሳይሰለፉ ቀሩ።

ማትሱቶሞ በ28 ዓመቷ ከዩኪ ካኔኮ ጋር ወደ ድብልቅ ጥንድ ዞረች። በድብልቅ ጨዋታ ሲያጠቁ ሴቷ ከፊት፣ ወንዱ ከኋላ ይሆናል። ቦታው ለእሷ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነባት ከፊት ለፊቷ የሚመጣው የወንድ ስማሽ ፍጥነት ነው፤ ተጋጣሚዎችም ሆን ብለው ሴቷን ወደ ኋላ ሊገፏት ይሞክራሉ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በማርች 2021፣ የኦል ኢንግላንድ ፍጻሜ ደረሱ። በእርግጥ ቻይናና ደቡብ ኮሪያ በዚያ ዓመት አልተገኙም፤ በአዳራሹም ተመልካች አልነበረም። ቢሆንም ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንደ አዲስ የጀመረች ተጫዋች ያን ያህል መጓዟ የሚደነቅ ነው። በፍጻሜው ዩታ ዋታናቤና አሪሳ ሂጋሺኖ አሸነፏቸው። በመረቡ ግራና ቀኝ የቆሙት አራቱም የአንድ ኩባንያ ቡድን ባልደረቦች ነበሩ።