ውጅግራና ባለቤቱ፤ ስለ ጠመንጃ ዋጋ አገማመት

ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጠመንጃ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን ባለቤቱ መሣሪያውን በምን ይመዝነው እንደ ነበረ ካልታወቀ፣ ቍጥሩ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ለዚህም ውጅግራ መልካም ምሳሌ ነው።

ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ ሲሆን ግራ ደግሞ ያሻሻለው የጦር መኰንን ስም ነው። የፈረንሳይ ጦር ይህን መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ተቀበለ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የሚተኩሰው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ነበር፤ ግራ ግን መዝጊያውን አሻሽሎ ባለ 11 ሚሊሜትር የናስ ቀለህ እንዲጐርስ አደረገው። ከዚያም ነጋዴዎች በታጁራና በኦቦክ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ አስገቡት።

ጕድለቱ ለባለቤቱ የተሰወረ አልነበረም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም ከ4 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ጥይት በተተኰሰ ቍጥር መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ ሌላ መጕረስ አለበት፤ የባሩዱም ጢስ የተኳሹን ስፍራ ለጠላት ይገልጣል። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው ለቤል ግን ጢስ በሌለው ባሩድ ይተኩሳል፤ 8 ጥይትም በአፈሙዙ ሥር ይይዛል።

ይሁን እንጂ ውጅግራ ወዲያው አልተጣለም። ምክንያቱ ከብረቱ ይልቅ በቀለሁ ላይ ይገኛል። የተተኰሰው የናስ ቀለህ ተለቅሞ፣ ከከሰልና ከድኝ፣ ከአፈርም ከሚጣራ ጨው በአገር ውስጥ በተቀመመ ባሩድ እንደ ገና ሊሞላ ይችላል፤ ለአዲሶቹ ጠመንጃዎች ይህ ባሩድ አይስማማም። ከዚህም በላይ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። እንግዲህ ዝናር የታጠቀ ሰው ቦርሳውንም ታጥቋል ማለት ነው፤ ያለ ግዳጅ መተኰስም ሀብትን መበተን ይሆንበታል።

ይህ የባለቤቱ ሚዛን ትክክል እንደ ነበረ በ1928 ዓ.ም. በመራራ መንገድ ታየ። የኢጣልያ ጦር በመስከረም ወር ወሰን ሲሻገር፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ውጅግራን ጨምሮ በዘመንም በዐይነትም የተለያየ ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይገጥምም። የመሣሪያ ሽያጭ እገዳውም ራሱ ፋብሪካ የነበረውን ወራሪ ሳይሆን ከውጭ መግዛት የነበረበትን ተወራሪ ጐዳ።

ስለዚህ የጦር ኀይልን የሚመረምር ሰው ስንት ጠመንጃ ነበረ ብሎ ብቻ ሊያቆም አይገባውም። ለያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማ ስንት ጥይት ነበረ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ባለ ውጅግራው ዝናሩን እየዳሰሰ ይቈጥር የነበረው ይህንኑ ነውና።