ወደ ደብረ ሲና የሚያወጡት ሁለት መንገዶች



ወደ ተራራ ገዳም ለመሳለም የሚነሣ ሰው ስንቁን ሳይቋጥር አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ይኸውም «በየት በኩል ልውጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው የእግር ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የአሮጊት እናቶቻችንን ጉልበት ያየ፥ ደግሞም በጭንቅ መንገድ የወጣ ሰው በቀላሉ መንገድ የወጣውን ወንድሙን ሲንቅ የሰማ ሁሉ፥ ነገሩ የእግር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። «በበቅሎ ተቀምጦ የወጣ ሰው ተሳለመ ይባላልን?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። እኛም በችኮላ አዎን ወይም አይደለም ከማለት ይልቅ፥ ከተራሮች ሁሉ ስሙ የገነነውን የደብረ ሲናን መንገዶች ታሪክ መናገር ይሻላል ብለን አሰብን። የምንጠቅሳቸው የሲና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዐረቦች ጀበል ሙሳ የሚሉት ይህ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 2285 ሜትር ከፍታ አለው። ከእግሩ ሥር ያለው የቅድስት ካትሪና ገዳም ራሱ ከ1500 ሜትር በላይ በሆነ ሥፍራ ስለ ተሠራ፥ ተሳላሚው በእግሩ የሚወጣው ቀሪው 700 ሜትር ያህል ነው። ቍጥሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዙሪያው ሁሉ ቀይ አለት ነውና ጥላ የለበትም። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተነገረው ሙሴ ወደዚህ ተራራ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን እንዳይነኩት ዙሪያው ወሰን ተደርጎለት ነበር። እንግዲህ ይህ ተራራ በመጀመሪያው ቀን ለሕዝቡ የተሰጠው እንዲወጡት ሳይሆን እንዳይወጡት ነበረ። ዛሬ መንገድ መራጮች የሆንን እኛ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

በጥንት ዘመን ወጥተው የጉዟቸውን ነገር ከጻፉልን ተሳላሚዎች አንዷ ኤጌርያ የምትባል ከምዕራብ አገር የመጣች ሴት ናት። የጉዞዋ ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ በ1884 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በአሬትሶ ከተማ ተገኘ፤ ሊቃውንትም ጉዞዋን ከ381 እስከ 384 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያደርጉታል። ኤጌርያ ቅዳሜ ማታ ከተራራው ሥር ደርሳ በመነኮሳት ዘንድ አደረች፤ እሑድ ማለዳም ከካህኑና ከመነኮሳቱ ጋር መውጣት ጀመረች። እርሷ እንደምትለው በዚያን ጊዜ እየተጠማዘዘ ቀስ አድርጎ የሚያወጣ መንገድ አልነበረም፤ ግድግዳ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብሎ መውጣት ነበር እንጂ። በኮርቻ ተቀምጦ መሄድ ስለማይቻል በእግሯ ወጣች፤ ነገር ግን ልቧ የተመኘውን ታይ ነበርና ድካሙ እንዳልተሰማት ትናገራለች። በአራት ሰዓት ከራሱ ላይ ደረሰች፤ በዚያም ትንሽ ነገር ግን ያማረች ቤተ ክርስቲያን አገኘች። ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ካህናቱ በተራራው ላይ ከበቀለው ፍሬ ለመንገደኞቹ በረከት አድርገው ሰጧቸው። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ግን አንድ ቃሏን ነው፤ በተራራው ራስ ላይ የሚኖር ሰው የለም ብላለች። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ኤጌርያ የወጣችው ዛሬ ብዙ ሰው በሚወጣበት በኩል አልነበረም፤ በማዶው ወጥታ ሙሴ እሳቱን ወዳየበት ወደ ዕፀ ጳጦስ ሸለቆ ወረደች። መንገዱን ወደዚህ ያዞረው ገዳሙ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከ548 እስከ 565 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቅጥሩንና ቤተ ክርስቲያኑን በዕፀ ጳጦስ ሥፍራ ካሠራ ወዲህ፥ ተሳላሚው ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ሆነ፤ የሚወጣውም ከገዳሙ ጀርባ ሆነ። ምንጊዜም እንዲህ ነው፤ መንገድ እንጀራና ውኃ ወደሚገኝበት ያዘነብላል።

ከገዳሙ ጀርባ የሚነሣው መንገድ የንስሐ ደረጃ ይባላል። ከታች እስከ ተራራው ራስ ድረስ 3750 ያህል እርከኖች እንዳሉት ይቈጠራል፤ ቈጣሪዎች ሁሉ ግን በአንድ ቍጥር አይስማሙም፤ ደክሞት ቍጥር የማይሳሳት ማን ነው? እርከኖቹ ያልተስተካከሉ ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚት፥ ሌላው እስከ ጉልበት ይደርሳል። አንድ መነኵሴ ስለ ንስሐው በእጁ እንዳነጠፋቸው ይተረካል። ስሙ አልቀረልንም፤ ለሌሎች ዘላለም የሚረገጥ ሥራ ትቶ ስሙን ግን አልተወም።

ከእርከኖቹ መካከል በአለቱ ጠባብ ሥፍራ ሁለት የድንጋይ በሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ይጠራል፤ ይህ እስጢፋኖስ ሰማዕቱ ሳይሆን በስድስተኛው መቶ ዓመት በዚያ ተራራ የኖረ ባሕታዊ ነው። በበሩ ተቀምጦ የሚወጡትን ያናዝዝ እንደ ነበር፥ ያልተናዘዘም ወደ ላይ እንዳያልፍ ይደረግ እንደ ነበር ይነገራል። ዐፅሙ ዛሬም ልብሰ ምንኵስና ለብሶ በገዳሙ የዐፅም ቤት በር አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። የሲና አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ፥ ማለት ባለ መሰላሉ ዮሐንስ፥ ሠላሳ ምዕራፎች ባሉት «መሰላል» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ እስጢፋኖስ ዕረፍት የሚያስደነግጥ ነገር ጽፏል። ሽማግሌው በሚሞትበት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተመለከተ ከማይታዩ ከሳሾች ጋር ይከራከር ነበር፤ አንዳንዱን «እውነት ነው፥ ስለዚህ ግን ጾሜአለሁ» ይል ነበር፤ ለአንዳንዱም የሚመልሰው አጥቶ ዝም ይል ነበር። የሰውን ሁሉ ኃጢአት ሰምቶ ያሳለፈ በረኛ በራሱ በር እንዲህ ተመረመረ። በእርከኑ ወጥተን የምንመካ ብንኖር፥ በዚያ በር ስናልፍ ይህን ሽማግሌ ብናስበው ይገባናል።

ሁለተኛው መንገድ የግመል መንገድ ነው፤ ታሪኩም ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ነው። ከ1848 እስከ 1854 ዓ.ም. ግብጽን የገዛው ዐባስ ፓሻ ከሲና ተራሮች በአንዱ ላይ ቤተ መንግሥት ሊሠራ አሰበ። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ አየሩ ለጤና የሚስማማውን ቦታ ለማወቅ በየተራራው ላይ ሥጋ አስቀመጠና ዘግይቶ የሸተተበትን መረጠ። ወደ ሙሴ ተራራም የሚያወጣ ሰፊና የተደላደለ መንገድ አስጠረገ። ሆኖም በ1854 ዓ.ም. ተገደለ፤ ቤተ መንግሥቱም ሳይፈጸም ቀረ፤ የግንቡ ፍራሽ በስሙ በሚጠራው ተራራ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ለራሱ ድሎት ያስጠረገው መንገድ ግን ለአሮጊቶች፥ ለሕሙማንና ለደካሞች ሁሉ ተረፈ። ግመሎቹን የሚመሩት ጀበሊያ የሚባሉት የበረሃ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም አባቶቻቸውን ዮስጢንያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁ እንዳመጣቸው ይናገራሉ።

እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛው ይመረጥ? «መንገዱ በጭንቅ ካልሆነ በረከት የለውም» የሚሉ ወገኖቻችን ከአገራችን ጽኑ ምስክር ሊጠቅሱብን ይችላሉ፤ እርሱም ደብረ ዳሞ ነው። በትግራይ ያለው ይህ አምባ ዙሪያውን ገደል ስለ ሆነ፥ የሚወጣበት አንድ ሥፍራ ብቻ ነው፤ በዚያም 15 ሜትር ያህል በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ መውጣት ግድ ነው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተይዘው፥ ቅዱስ ሚካኤልም እየጠበቃቸው እንደ ወጡ ገድላቸው ይናገራል፤ ጥቅምት 14 ቀንም በዓላቸው ይከበራል። ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠራ ዕንጨትና ድንጋይ የሚወጣበት መወጣጫ አሠርቶ ነበር። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ግን አቡነ አረጋዊ በግእዝ «ዳህምሞ» ማለት አፍርሰው ብለው አዘዙ፤ ዳሞ የሚለው ስምም ከዚህ ቃል እንደ መጣ አባቶች ያስተምራሉ። የተሠራ መንገድ በቅዱስ ቃል ፈረሰ ማለት ነው። የሲናው መነኵሴ መንገድ ሲያነጥፍ የዳሞው አባት መንገድ አፈረሱ፤ ታዲያ ከሁለቱ ማን ተሳሳተ?

በእኛ አስተያየት ማንም አልተሳሳተም። ከላይ ልብ በሉልን ያልነው የኤጌርያ ቃል የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በሲና ራስ ላይ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ የዮስጢንያኖስ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮጵዮስም በዚያ የነጐድጓድ ድምፅና የሚያስፈራ ነገር ስለሚሰማ በሌሊት የሚያድር ሰው እንደሌለ ጽፏል። የሲና ራስ የመሳለሚያ ሥፍራ ነውና መንገድ ይገባዋል። የዳሞ ራስ ግን የመነኮሳት መኖሪያ ነው፤ ውኃቸውን በአለት ጕድጓድ አጠራቅመው፥ እህላቸውን በገመድ እየሳቡ ከዓለም ተለይተው የሚኖሩበት ነው። አቡነ አረጋዊ ያፈረሱት የተሳላሚውን ምቾት ጠልተው ሳይሆን የልጆቻቸውን ጸጥታ ወደው ይመስለናል። በዳሞም ቢሆን እንግዳው በገመዱ ብቻ አይተውም፤ ሌላ ጠፍር በወገቡ ታስሮለት ከላይ የቆመው መነኵሴ ይስበዋል። ወደ ላይ መውጣት ያልተፈቀደላቸው እኅቶቻችንም ከሥሩ ቆመው ይሳለማሉ፤ በረከታቸው ጐደለ የሚል ግን አንድም አባት አልሰማንም።

ስለዚህ ወደ ሲና የሚሄድ ሰው ቢጠይቀን የምንመልስለት እንደ ጉልበቱና እንደ ሰዓቱ ነው። የንስሐው ደረጃ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ በሌሊት ግን ለማያውቀው ሰው አደገኛ ነው። የግመሉ መንገድ ረዘም ይላል፤ ሆኖም በጨለማ እንኳ በፋኖስ ወይም በባትሪ መብራት ይታያል። ስለዚህ ብዙዎች በሌሊት በግመሉ መንገድ ወጥተው ሲነጋ በደረጃው ይወርዳሉ። እኛ ግን ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይህን አንመክርም፤ ጉልበትን ከመውጣት ይልቅ መውረድ ይጐዳዋልና፥ እንደ ወጣ በዚያው ቢመለስ ይሻለዋል። በክረምታቸው ወራት በረዶ ስለሚጥል ሙቅ ልብስ መያዝ ይገባል። ደግሞም ያረጀች እናቱን ይዞ የሚሄድ ልጅ፥ እርሱ በደረጃው ሊወጣ እርሷን ከማያውቋት ሰዎች ጋር በግመል ባይሰድዳት መልካም ነው። ከጎኗ ሆኖ የግመሉን ልጓም ይዞ ቢሄድ ያለ እርከን የወጣ መስሎት አይዘን።

ይህንንም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ መንገዶች እስከ መጨረሻው ተለያይተው አይቀሩም። ነቢዩ ኤልያስ ያረፈበት ነው ከሚባለው፥ የቆየ የፈረንጅ ጥድ ከቆመበት ሜዳ በላይ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ ላይ 750 ያህል እርከኖች ይቀራሉ፤ ግመልም አይወጣቸውም። ግመሎቹ በዚያ ይንበረከካሉ፤ የተቀመጠው ሁሉ ይወርዳል፤ በጨለማ ከደረጃው የመጡትም ላባቸውን እየጠረጉ ይደርሱባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በአንድ መስመር ነው የሚሄዱት፤ አሮጊቷም እጇን ለማታውቀው ጐልማሳ ሰጥታ አንድ እርከን ትወጣና ታርፋለች።

ከራሱ ላይ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በ1934 ዓ.ም. ከቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ድንጋዮች የተሠራች ናት። በሯ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው። ከሁለቱም መንገድ የመጡት ነፋሱን በግድግዳዋ ተከልለው፥ ብርድ ልብስ ተጋርተው፥ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይቀመጣሉ።