የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ

የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ የመርፌን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ፣ በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ነው። አብዛኞቹ ከ5 እስከ 10 ግራም ይመዝናሉ። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲጓዝ የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹን ቅርጽ እየተከተለ ይንቀጠቀጣል፤ ካርትሪጁ ይህን እንቅስቃሴ በሺህኛ የቮልት ክፍልፋይ ወደሚለካ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ማጉያው ደግሞ አጉልቶ ለድምፅ ማጉያ ሣጥኑ ያቀብላል። የካርትሪጅ ምርጫ በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በማጫወቻው ክንድ፣ በማጉያው፣ በሚደመጠው የሸክላ ዓይነትና በበጀት። እንደ መቀሌ ባለ፣ መለዋወጫው ከሩቅ በሚመጣበት ከተማ ግን አምስተኛ መመዘኛ ይታከላል፤ መርፌው ሲያልቅ ተተኪው ይገኛል ወይ የሚለው።

ታሪካዊ ዳራ

የጥንቱ ግራማፎን በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረውን ሸክላ በብረት መርፌ ያጫውት ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ በ45 ዙር የሚጫወተው ትንሹ ሸክላ ገበያ ላይ ዋሉ። የሁለቱም ቦይ ከቀድሞው እጅግ የጠበበ በመሆኑ ቀጭን የአልማዝ መርፌ አስፈለገ። ስቴሪዮ ሸክላ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲስፋፋ፣ የአሜሪካው ሹር ኩባንያ በ1958 ኤም3ዲ የተባለውን ባለ ተንቀሳቃሽ ማግኔት የስቴሪዮ ካርትሪጅ አወጣ። የጃፓኑ ዴኖን ከብሔራዊው ብሮድካስተር ከኤንኤችኬ ጋር ያዘጋጀው ዲኤል-103 የመጣውም በ1960ዎቹ ሲሆን እስካሁን ይመረታል።

በኢትዮጵያ የሸክላ ህትመት ለረጅም ጊዜ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር። አምሐ እሸቴ ይህን ሞኖፖል ጥሶ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሐ ሪከርድስን አቋቋመ። ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ በቅጽል ስሙ ዓሊ ታንጎ፣ በኬይፋ ሪከርድስ ተከተለው። ሙዚቃው አዲስ አበባ ላይ ይቀረጽና ህትመቱ ውጭ አገር ይሠራ ነበር። አብዛኛው ሥራ የወጣው በሁለት ገጹ አንዳንድ ዘፈን በያዘው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ሲወርስ የሸክላ ህትመት ቆመ። ስለዚህ በመቀሌ የሚወደዱት የትግርኛ ዘፋኙ የኪሮስ ዓለማየሁ ሥራዎች ለሕዝብ የደረሱት በዋናነት በካሴት ሲሆን፣ በሸክላ የሚገኘው የትግርኛ ሙዚቃ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኤቲዮፒክስ ተከታታይ አልበሞቹ አምስተኛውን ቁጥር ከ1970 እስከ 1975 ለወጣው የትግርኛ ሙዚቃ ሰጥቶታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያና የፒያኖ ተጫዋቿ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራዎች ውጭ አገር እንደገና በሸክላ ታትመዋል። የዛሬ ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ያረጁ ትንንሽ ሸክላዎችና አዳዲስ ትልልቅ ህትመቶች ጎን ለጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይነቶች

ሴራሚክ ካርትሪጅ በሻንጣ መልክ በሚሠሩ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ የሚገኝ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ፎኖ ማጉያ፣ ማለትም ለሸክላ ሞገድ የተሠራ ቅድመ ማጉያ፣ አይፈልግም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ግራም በላይ ጭኖ ስለሚሄድ ቦዩን ቶሎ ይበላል።

ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ በዓለም ላይ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ነው። ከመርፌው ዘንግ ጫፍ ያለች ትንሽ ማግኔት በቋሚ ጥቅልል ሽቦዎች መካከል ትንቀጠቀጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 6 ሚሊቮልት ያመነጫል። ትልቁ ጥቅሙ መርፌው በጣት ተስቦ ወጥቶ በአዲስ መተካቱ ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 እና የኦርቶፎን 2ኤም ተከታታይ ምርቶች ከዚህ ወገን ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ጥቅልል ያለው ካርትሪጅ በተቃራኒው ማግኔቱ ቆሞ ሽቦው የሚንቀሳቀስበት ነው። የሚንቀጠቀጠው አካል ቀላል ስለሆነ ረቂቅ ድምፆችን አጥርቶ ያወጣል። የአብዛኞቹ ጉልበት ግን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ብቻ በመሆኑ ተጨማሪ ማጉያ ይጠይቃል። መርፌው ሲያልቅ ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው አይችልም፤ ካርትሪጁ ወደ ባለሙያ ይላካል ወይም በሙሉ ይተካል።

የመርፌ ቅርጽ

ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ርካሽና ለአገጣጠም ስህተት ቻይ ነው። የጫፉ ሬዲየስ ከ15 እስከ 18 ማይክሮን ነው። ሞላላው መርፌ ከጎኑ 8 ማይክሮን ያህል ስለሚሾል የቦዩን ጥቃቅን ጠመዝማዛ በተሻለ ይከተላል። ማይክሮላይንና ሺባታ የሚባሉት ከዚህም የረቀቁ ናቸው፤ በትክክል ሲገጠሙ ከሁሉም የጠራ ድምፅ ያወጣሉ፣ በትንሹ ሲዛነፉ ግን ጥቅማቸው ይጠፋል። ለ78 ዙር ሸክላ የጫፉ ሬዲየስ 76 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ልዩ መርፌ ያስፈልጋል። የዘመኑን ቀጭን መርፌ በዚያ ሰፊ ቦይ ላይ ማሳረፍ መርፌውን ያበላሻል፣ ድምፁንም በጭረት ይሞላዋል።

የቅርጹ ልዩነት ጎልቶ የሚሰማው በሸክላው መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ ሸክላ ሲጀምር ቦዩ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ 21 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ባጠረ ቦታ ስለሚታጨቅ ክብ መርፌ ከፍተኛ ድምፆችን ማዛባት ይጀምራል። ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ ግን ከ40 ጀምሮ እስከ 25 ሴንቲሜትር ነው የሚደርሰው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በብዛት በዚህ መጠን የታተመ በመሆኑ፣ አሮጌ ሸክላ ለሚያደምጥ ሰው ክብ መርፌ ያን ያህል ጉዳት የለውም። በረጅም አልበም ላይ ለሚያተኩር ግን ሞላላው ይመረጣል።

በከባድ መርፌ ብዙ የተጫወተ ሸክላም የራሱ ፈተና አለው። የቦዩ ግድግዳ የሚያልቀው አሮጌው መርፌ ሲነካው በኖረው ከፍታ ላይ ነው። ሌላ ቅርጽ ያለው መርፌ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልተነካ ግድግዳ ሊያገኝ ስለሚችል፣ በአንዱ መርፌ የሚንኮሻኮሽ ሸክላ በሌላው ጠርቶ የሚሰማበት ጊዜ አለ።

ከክንድ ጋር መጣጣም

ካርትሪጅ ከመገዛቱ በፊት መጀመሪያ የሚታየው ክንዱ ሌላ ካርትሪጅ ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60 ባሉ ማጫወቻዎች ካርትሪጁ ከክንዱ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ የሚቀየረው መርፌው ብቻ ነው። ሌሎች ክንዶች በአብዛኛው በ12.7 ሚሊሜትር ርቀት የተቀመጡ ሁለት ብሎኖችን ይቀበላሉ። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ባሉት ደግሞ የክንዱ ራስ ተፈትቶ ስለሚወጣ፣ አንዱን ካርትሪጅ በሌላ መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የክንዱ ክብደትና የመርፌው ዘንግ ልስላሴ፣ ማለትም ኮምፕሊያንስ ነው። ሁለቱ ተደምረው ክንዱ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበትን ድግግሞሽ ይወስናሉ። ተስማሚው ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ነው። ከዚያ ካነሰ የሸክላው መጣመም ክንዱን ያንገዋልለዋል፣ ከበለጠ ወደ ሙዚቃው ወፍራም ድምፅ ይጠጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የክንዱ፣ የካርትሪጁና የብሎኖቹ ክብደት ተደምሮ በኮምፕሊያንሱ ይባዛል፣ የብዜቱ ስኩዌር ሩት ይወጣል፣ 159 ለዚያ ይካፈላል። ለምሳሌ የኤስኤል-1200 ማርክ 2 ክንድ 12 ግራም፣ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም፣ ብሎኖቹ 0.8 ግራም ቢሆኑ ድምሩ 20 ነው። የካርትሪጁ ኮምፕሊያንስ 20 ስለሆነ ብዜቱ 400፣ ስኩዌር ሩቱ 20፣ ውጤቱም 8 ሄርዝ ይሆናል፤ ከድንበሩ ላይ ነው፣ ግን ይሠራል። የጃፓን አምራቾች ኮምፕሊያንስን የሚጽፉት በ100 ሄርዝ ለክተው በመሆኑ፣ ለዚህ ስሌት ቁጥራቸው በ1.5 እስከ 2 መባዛት ይኖርበታል። እንደ ዲኤል-103 ያለ ደረቅ ዘንግ ያለው ካርትሪጅ በቀላል ክንድ ላይ የማይመከረውም ከዚሁ ስሌት የተነሣ ነው።

ከማጉያ ጋር መጣጣም

ከሸክላ የሚወጣው ሞገድ ደካማ ብቻ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተዛባም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በተለመደው አርአይኤኤ በተባለው ሥርዓት መሠረት ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ ፎኖ ማጉያው ይህን መልሶ ያስተካክላል። የተንቀሳቃሽ ማግኔት ካርትሪጅ የመግቢያ ተቃውሞው 47 ኪሎኦም የሆነና 40 ዴሲቤል ያህል የሚያጎላ ፎኖ ይፈልጋል፤ ተንቀሳቃሽ ጥቅልል ደግሞ 60 ዴሲቤል ገደማ። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙ ብዙ ማጉያዎችና ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያዎች የፎኖ መግቢያ የላቸውም። ማጫወቻው በውስጡ ፎኖ ካለው፣ በጀርባው ያለውን ፎኖና ላይን የሚለውን ማብሪያ ማየት ይገባል። ሁለት ፎኖ ከተደራረበ ድምፁ ይንጫጫል፤ ምንም ከሌለ ደግሞ እንደ ሹክሹክታ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

በመቀሌ ያለው ሁኔታ

መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ክረምቱ አጭር፣ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። ደረቅ አየር ሸክላው ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም አቧራን ይስባል። አቧራው በመርፌው ጫፍ ላይ ሲጠራቀም ድምፁ ይደፈናል፣ ቦዩም ይፋቃል። በዚህ አካባቢ ከካርትሪጁ ደረጃ ይልቅ የጽዳቱ ልማድ የድምፁን ጥራት ይወስናል። ሸክላው ከመጫወቱ በፊት በካርቦን ብሩሽ፣ መርፌው ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ወደ ጎን ወይም ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ ዘንጉን ሊሰብር ይችላል።

ሌላው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ አዝማድ የሚመጡ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያው ግን 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩ ከመስመሩ ድግግሞሽ ጋር የሚዞር አሮጌ ባለ ቀበቶ ማጫወቻ 33⅓ ዙር መዞር ሲገባው 28 ገደማ ይዞራል፤ ዘፋኙም የሰከረ ይመስላል። ይህ የካርትሪጅ ጉድለት አይደለም፤ ካርትሪጅ በመቀየርም አይድንም። ፍጥነታቸውን በኳርትዝ የሚቆጣጠሩ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

በጀት

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር ስለሚዋዥቅ፣ በጀትን በዶላር ማሰብ ይቀላል። ከ50 ዶላር በታች ባለ ክብ መርፌ ተራ ካርትሪጅ ይገኛል። ከ50 እስከ 150 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ እንደ ቪኤም95ኢ እና 2ኤም ሬድ ያሉ ባለ ሞላላ መርፌዎች አሉ፤ ለአብዛኛው ቤት ከዚህ መለስ ይበቃል። ከ200 ዶላር በላይ የሚወጣው ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው ክንዱም፣ ማጉያውም፣ የድምፅ ሣጥኑም በዚያው ደረጃ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ አካል ያላቸው ተከታታይ ምርቶች ለቆጣቢ ይጠቅማሉ። በቪኤም95 አካል ላይ ከክቡ እስከ ሺባታው፣ የ78 ዙሩ ጭምር፣ ሁሉም መርፌ ይገባል። በ2ኤም ሬድ ላይ የ2ኤም ብሉ መርፌ ይገጠማል። አንድ ሰው በርካሹ ጀምሮ ካርትሪጁን ሳይነቅል ወደ ተሻለው ማደግ ይችላል። የአልማዝ መርፌ ዕድሜ እንደ አጠቃቀሙ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ስለሆነ፣ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያደምጥ ሰው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር እስከ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ያገለግላል።

አገጣጠም

በካርትሪጁ ጀርባ ያሉት አራት ሽቦዎች በቀለም ይለያሉ፤ ቀይና አረንጓዴ የቀኙ፣ ነጭና ሰማያዊ የግራው ናቸው። ከዚያ የክንዱ ሚዛን እየዞረ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳይል በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፣ የቁጥሩ ቀለበት ዜሮ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ሚዛኑ ከቀለበቱ ጋር አምራቹ እስከሚያዘው ክብደት ድረስ ይዞራል፤ ለቪኤም95ኢ 2 ግራም፣ ለ2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ነው። ሸክላውን ላለመጉዳት ብሎ ክብደቱን ከታዘዘው በታች ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። የቀለለ መርፌ በቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል፤ ጉዳቱም ልኩን ከያዘው መርፌ ይብሳል። በመጨረሻ በወረቀት መለኪያ የካርትሪጁ አቅጣጫ ይስተካከላል።

በጥቅሉ ለመቀሌ አድማጭ የሚያዋጣው መርፌው የሚቀየር መካከለኛ የተንቀሳቃሽ ማግኔት ካርትሪጅ ነው። ከውጭ የሚያመጣ ሰው ከተገኘ በአንድ ውድ ካርትሪጅ ፈንታ አንድ መካከለኛ ካርትሪጅ፣ አንድ ተተኪ መርፌና አንድ የክብደት መለኪያ ማስመጣት ይሻላል።